ስለ አማርኛ ቀልድና ስለ ቀልደኞች ልማድ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ልደቱ፥ ስለ ጋብቻው፥ ስለ ለቅሶውና ስለ እርሻው ነው፤ ስለ ቀልዱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቀልድ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር ተይዞ አይለካም፤ እንደ ጋብቻ ውልም እማኝ አይቈጠርለትም፤ ተነግሮ ከተሳቀ በኋላ እንደ ዕጣን ጢስ በኖ ይቀራል። ነገር ግን ጠዋት ቡና ሲፈላ፥ ቀትር ላይ ደቦው ሲያርፍ፥ ማታ እሳት ዳር፥ በማኅበር ጽዋ ዙሪያ፥ በሐዘን ድንኳንም ውስጥ ሳይቀር ሰው ለሰው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ቀንን ለማቅለልና ልብን ለማሳረፍ የሚነግረውን ንጹሕ ቀልድ፥ የሚነገርበትን ስፍራና የሚሠራበትን ብልሃት ከሰማሁትና ከጻፍሁት እንደ ተቻለኝ መጠን በዚህ ጽሑፍ አስረዳለሁ። ነውር ያዘለው ቀልድ ለብቻው የሚመረመር ስለ ሆነ አልገባበትም፤ ወሰኑ የት እንደ ሆነ ግን ሳልነካው አላልፍም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሎቹ። አማርኛ ለዚህ ነገር ያለው ቃል ብዙ ነው። ከሁሉ የሚሰፋው «ጨዋታ» ነው፤ የልጆች ሩጫም፥ የገና ዱላ ግጥሚያም፥ የሽማግሌዎች ወግም ጨዋታ ይባላል። እንግዳ ገብቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ባለቤቲቱ «ይጫወቱ እንጂ» ስትለው ተነሥቶ እንዲሮጥ አይደለም፤ አፉን እንዲፈታ ነው። «ቀልድ» ለማሳቅ ታስቦ የተነገረው ነው። «ዋዛ» የቁም ነገር ተቃራኒ ሁኖ፥ ክብደት የሌለውን ንግግር ሁሉ ይጠቀልላል። «ቧልት» ሥራ ፈትነት ያለበት ቀልድ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ተማሪውን የሚገሥጸው «ቧልተኛ» ብሎ ነው እንጂ «ጨዋታ ዐዋቂ» ብሎ አይደለም። «ፌዝ»ና «ሹፈት» የሚሳቅበትን ሰው ዝቅ ያደርጋሉ። «ተረብ» በከተማ ጐረምሶች ዘንድ እንደ ኳስ የሚመላለስ የቃል ግጥሚያ ነው። «አሽሙር» ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው የሚደርስ ነው። «ለበጣ» ደግሞ ጥርስ እየሳቀ ልብ የማይስቅበት ነው። እነዚህን ቃሎች ጐን ለጐን አኑሮ ለተመለከታቸው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ቋንቋው የሳቁን ትልቅነትና ትንሽነት ለመለየት ብዙም አልደከመም፤ የደከመው ሳቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመለየት ነው።

ቀልድ የሚነገርበት ስፍራና ጊዜ የታወቀ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ዋናው ስፍራ ቡና ነው። ቡናው ታጥቦ፥ በምጣድ ተቈልቶ፥ በሙቀጫ ተወቅጦ፥ በጀበና ፈልቶ፥ በረከቦቱ ላይ በተደረደሩት ስኒዎች እስኪቀዳ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያም አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። አቦል ሲጠጣ የሚወራው የሰፈሩ ወሬ፥ የታመመና የወለደ፥ የገበያው ዋጋ ነው። ቀልድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቶና በኋላ ነው፤ ወሬው አልቆ፥ ቈሎውም ተጋምሶ፥ በረካው እስኪፈላ ሰው የሚጠብቅበት ሰዓት ነውና። እኔ በተቀመጥሁባቸው ቤቶች በዚያ ሰዓት ቀልድ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ወንዶች ባሉበት በማኅበርና በደቦ ግን ሴቶቹ ሰምተው ይስቃሉ እንጂ እምብዛም አይጀምሩም። ይህን ልዩነት ያልተመለከተ ጠያቂ በማኅበር ብቻ ተቀምጦ «አማራ ቀልዱ የወንድ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ እኔም በመጀመሪያው ጊዜ እንዲሁ ብዬ ተመልሼ ነበር።

የዓመቱም ወራት በዚህ ነገር እኩል አይደሉም። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም፤ ሳቅም ነውር ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የታገደ ውኃ እንደ ተለቀቀ ሁሉ ጨዋታ ይበዛል። በዐቢይ ጾም መካከል የሚነገረው ቀልድ አብዛኛው ስለ ጾሙ ራሱ ነው። ለፋሲካ በግ የሚቀልብ አንድ ገበሬ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «እኔ እከሳለሁ፥ በጌ ይሰባል፤ የፋሲካ ዕለት እንተሳሰባለን» አለ ይባላል። እንዲህ ያለውን ቀልድ ካህናቱም ይስቁበታል እንጂ አይቈጡትም።

እንግዲህ ቀልዱ በምን ይሠራል? ብዙዎቹ የአማርኛ ቀልዶች ነገሩ በራሱ የሚያስቅ ሁኖ አይደለም፤ ቃሉ ሁለት መንገድ ስላለው ነው። የቅኔ ሊቃውንት ይህን በስርዓት ያውቁታል፤ ሰምና ወርቅ፥ ኅብር፥ ውስጠ ወይራ እያሉ መንገዱን ለይተው ያስተምሩታል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል በጻፈው መጽሐፍ ላይ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያኖረው፥ ይህ መንገድ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በሕዝቡ ጠቅላላ አነጋገርና አስተያየት ውስጥ ገብቷል ብሎ ስላመነ ነው። እኔ እንደማየው ቀልደኛው ብዙ ጊዜ ቅኔ ያልተማረ ቅኔ ተናጋሪ ነው።

ለዚህ አንድ ጠባይ ይረዳዋል። አማርኛ አንዱን ፊደል በማጥበቅና በማላላት የቃልን ትርጉም ይለውጣል፤ ፊደላችን ግን መጥበቁንና መላላቱን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፥ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፥ ሲጠብቅ የጌታ ልደት በዓል ነው። «ይበላል» ሲላላ በላተኛውን፥ ሲጠብቅ የሚበላውን ነገር ያመለክታል። ጸሓፊ ይህን ሲጽፍ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ፊደል ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በመጽሐፍ ያማረ ኅብር በአፍ ሲነገር የሚሞትበት፥ በአፍ ያሳቀ ቀልድም በጽሑፍ የሚደነዝዝበት ጊዜ አለ።

ለአስረጂ የሚከተለውን ቀልድ እጠቅሳለሁ። አንድ ሰው ገንዘብ ተበድሮ ቀጠሮውን አሳለፈ። አበዳሪው በማለዳ ከደጁ ደርሶ አሽከሩን «ጌታህ አሉ?» አለው። አሽከሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ቈይቶ ወጣና «የሉም አሉ» አለ። አበዳሪውም «ማን አሉ?» ቢለው፥ «እሳቸው ናቸዋ!» አለ።

በዚህ ቀልድ የመጀመሪያው «አሉ» ይጠብቃል፥ የመጨረሻዎቹ ይላላሉ፤ በጽሑፍ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ከዚህም በላይ «አሉ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ሥራ አለው፤ የተናጋሪው ማንነት ሳይታወቅ «እንዲህ ተባለ» ለማለትም ይሆናል፥ የተከበረ ሰው ተናገሩ ለማለትም ይሆናል። አሽከሩ ጌታውን አልከዳም፤ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል አድርሷል። አልዋሸምም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። የሚያስቀው አሽከሩ በሁለት ኀይለኞች መካከል ቁሞ፥ ለአንዱም ሳይዋሽ ሌላውንም ሳያሳጣ ከነገሩ ለመውጣት የሞከረበት ያ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ይህን ቀልድ ሲሰሙ ከሁሉ ይልቅ የሚስቁት በሰው ቤት አድረው የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ተመልክቻለሁ።

ስለ አማርኛ ቀልድ የሚናገር ሰው አለቃ ገብረ ሐናን ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። እኚህ ሊቅ ፎገራ ውስጥ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ፥ ከዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን (1882–1906 ዓ.ም.) የኖሩ የ19ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። የቅኔና የአቋቋም መምህር ነበሩ። ዛሬ «የተክሌ» የሚባለው የዝማሜ ስልት የእሳቸው ሥራ ነው፤ ስሙ የልጃቸው ስም ነው፥ ስልቱን ተቀብሎ ያስፋፋው እርሱ ስለ ሆነ። አለቃ በጣና ዳር ያለው ደንገል በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብል፥ የባሕሩም ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ ተመልክተው ካህናቱ በመቋሚያ እንደዚያ እንዲዘምሙ አደረጉ ይባላል። የጐንደር ካህናት ለጊዜው አልተቀበሉትምና ስልቱ መሠረቱን በደብረ ታቦር አደረገ እየተባለም ይነገራል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩት ሊቅ ግን በሕዝቡ ዘንድ የቀሩት በቀልዳቸው ነው። ስማቸውን ለተማሪዎች ብጠራ ሁሉም ይስቃሉ፤ ስለ ዝማሜው ብጠይቅ ከሃያው አንዱ ያውቃል። ቀልዱ ሊቅነታቸውን ሸፈነው ብዬ ማዘን ጀምሬ ነበር፤ ዳሩ ግን ቀልዱ ባይኖር ስማቸውስ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይታወቅ ነበርን?

ከቀልዶቻቸው ሁሉ የሰፋው ምናልባት የሚከተለው ነው። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ ይገናኛቸዋል። «እንደምን አደራችሁ» ብለውት ያልፋሉ። ገበሬው ያን የመሰለ ሊቅ ሰላም ስላለው ደስ ብሎት፥ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ያወራላታል።

«ምን ብለው ሰላም አሉህ?»

«እንደምን አደራችሁ አሉኝ።»

«ከማን ጋራ ነበርህ?»

«ከአህያው ጋራ።»

እዚህ ላይ ብልሃተኛ ነጋሪ ዝም ይላል። ቀልዱ የቆመው በሰላምታው ስርዓት ላይ ነው። ለእኩያ ወንድ «አደርህ»፥ ለሴት «አደርሽ»፥ ለሚከበር «አደሩ»፥ ለብዙ ሰው «አደራችሁ» ይባላል። በአንድ ቃል መጨረሻ ላይ አህያው ከጌታው ጋራ በማዕርግ ተስተካከለ። የሚስቲቱንም ድርሻ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀልዱን የፈታችው እርስዋ ናት፤ አለቃ ያኖሩትን ወርቅ ባልዋ ሳያየው ቤቱ ድረስ ተሸክሞ አመጣላት። እኔ ይህን ቀልድ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በወንዶች አፍ ሲነገር ሳቁ የሚወጣው በገበሬው ሞኝነት ነው፤ በሴቶች አፍ ሲነገር በሚስቲቱ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ጋራ የሚዛመድ ሌላ ቀልድ አለ። አንዲት ባልቴት አህዮች እየነዳች ስትሄድ አለቃ «እንደምን ዋልሽ፥ የአህዮች እናት» ቢሏት፥ «ደኅና ዋልህ ልጄ» አለቻቸው። በዚህኛው አለቃ ተሸናፊ ናቸው። ይህ ቀልድ ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓም ስለ ሌሎች ሰዎች ይነገራል። ቱርኮች በነስረዲን ሆጃ፥ ዐረቦች በጁሃ፥ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ደግሞ በሄርሸለ ስም የሚነግሩትን ያነበበ ሰው ከአለቃ ቀልዶች ጋራ የሚመሳሰል ብዙ ያገኛል። በሁሉም ዘንድ ሰውዬው የተማረ ወይም ለተማሩ የቀረበ፥ ኪሱ ባዶ፥ በጌቶች ማዕድ የሚቀመጥ፥ ጌቶችን ግን የማይፈራ ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ ብሎ መከራከር ለጊዜው አይጠቅምም፤ አህያና ነጂ፥ ሊቅና ጌታ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለው ቀልድ ሊበቅል ይችላል።

የአለቃ ስም ከየሜዳው ቀልድ እየሰበሰበ የሚያድግ መሆኑ ግን የተረጋገጠ ነው። ሰዎች ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሲያገኙ ወዲያው «አለቃ እንዲህ አሉ» ይሉታል። አንድ ጐልማሳ አለቃ ስለ አውሮፕላን ተናገሩት ያለውን ቀልድ እየሳቀ ነግሮኛል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ አለቃ በሥጋ ሳሉ ሊያዩት የሚችሉት አልነበረም። ይህን ብነግረው ጐልማሳው ጥቂት አሰበና «ታዲያ ከላይ ሁነው አይተውት ይሆናላ» አለኝ። ይህንንም ከአለቃ ቀልዶች ጋራ ጽፌዋለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ምናልባት በስማቸው ተነግሮ ይመለስልኛል።

ስለ ዘመን ካነሣን አይቀር፥ አንድ የሚረዳ ምልክት አለ። በሰማኋቸው የአለቃ ቀልዶች ውስጥ መሶብ፥ ጠላ፥ ጠጅ፥ በቅሎ፥ መቋሚያና የደጅ ጥናት ሞልተዋል፤ ቡና ግን የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ አያስደንቅም። ቡና በክርስቲያኖች ቤት ለረዥም ጊዜ የተጠላ ሁኖ፥ ሰው በግልጥ ሊጠጣው የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቀልድ ዋና ስፍራ የሆነው የቡና ሥርዓት አለቃ ከኖሩበት ማዕድ በኋላ የመጣ ነው፤ የማዕዱ ቀልዶች ወደ ቡናው ተሻግረው ሲነገሩ ነጋሪዎቹ ተለዋወጡ። የጌታ አዳራሽ ቀልድ የጐረቤት ሴቶች ቀልድ ሆነ።

ይህ መሻገር ቀልዱን ምን እንዳደረገው በአንድ ምሳሌ ልግለጥ። በወንዶች ዘንድ እጅግ የታወቀው የመሶቡ ቀልድ ነው። አለቃ ተጋብዘው ሲበሉ ከመሶቡ ውስጥ አይጥ ዘላ ትወጣለች። ባለቤቲቱ ያላየች መስላ «በሞቴ፥ ይብሉ እንጂ» ትላለች። አለቃም «ኧረ ጠግቤአለሁ እመቤቴ፤ እንኳን እኔ ከውስጥ የነበረችውም ጠግባ ወጥታለች» ይላሉ። ቃሉ እንደ ነጋሪው ይለያያል፤ ነገሩ ግን ይህ ነው። «በሞቴ» የተባለ እንግዳ እንቢ ማለት አይገባውም፤ ጸያፍ ነገር አየሁ ማለትም የቤቲቱን ስም ማጥፋት ነው። አለቃ አልበሉም፥ ስድብም አልተናገሩም፥ ዝምም አላሉም። ቀልዱ እንግዳውን አዳነው። ነገር ግን ባለቤቲቱን አላዳናትም፤ ለቤትዋ ንጽሕና የምትጨነቅ ሴት ይህን ሰምታ ስትስቅ ሳቅዋ ጥቂት እንደሚመራት አይቻለሁ።

በቡና ላይ ከሴቶች የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አለቃ ከቤታቸው ገብተው ሚስታቸው ማዘንጊያ የቀዳችላቸውን ቅራሪ ቀመስ አደረጉና «ማዘንጊያ፥ ይህ ጠላ ነው ውኃ?» አሉ። እርስዋም «እርስዎ ገብሱን እስኪያመጡ ድረስ በውኃው እየተለማመድሁ ነው» አለቻቸው። ቡናውን የምታፈላው ሴት ይህን ስትነግር በሩ አጠገብ ጋዜጣ ያነብ የነበረው ባልዋ ጋዜጣውን አጠፈ። ሌሎቹ ሴቶች ስኒአቸውን እያዩ ሳቁ። ነገሩን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የዚያ ወር የአስቤዛ ገንዘብ ገና አልተሰጠም ኖሯል። ሚስት በጐረቤት ፊት ባልዋን «ገንዘብ አልሰጠኸኝም» ብትል ጠብ ነው፤ እርሱም በኀፍረት ይቈጣል፥ ጐረቤትም ተነሥቶ ይወጣል። በማዘንጊያ አፍ ስትናገር ግን ሁሉም ተቀምጦ በረካውን ጠጣ። ባልየውም ወደ ጓዳ ገብቶ ሲመለስ ዐይኑን ከሰው አላሸሸም፤ እየሳቀ «ገብሱ መጥቷል» አለ።

ንጹሕ ቀልድ የምለው እንግዲህ ይህን የመሰለውን ነው። ብዙ ሰዎች ንጽሕናውን በቃሉ ብቻ ይለኩታል፤ የኀፍረት ስም ካልተጠራበት ንጹሕ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች ግን ሌላ መለኪያ አላቸው። አንድ አረጋዊ የነገሩኝ፥ «የቀለድህበት ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ቢሆን ትነግረው ነበርን? ብትነግረው አብሮህ ይስቅ ነበርን?» የሚል ነው። በዚህ መለኪያ ብዙ ቀልድ ይወድቃል። በአካል ጉዳት፥ በእደ ጥበብ፥ በትውልድ አገር የሚነገሩት ቀልዶች አንድም ነውረኛ ቃል ሳይኖራቸው የሚያቈስሉ ናቸው፤ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ሲያዋርዱ የኖሩት እንዲህ ያሉ «ጨዋታዎች» መሆናቸውን መሸሸግ አይገባም። ሰብሳቢ እነዚህን መዝግቦ ማኖር አለበት፤ አሳምሮ ማሳተም ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀልድ ከመንደር ወጥቶ በካሴት መሸጥ የጀመረው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ እነ ተስፋዬ ካሣ፥ እነ አለባቸው ተካ በየታክሲውና በየሱቁ ተሰሙ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ይተላለፋል። ጥቅሙን አልክድም፤ በሰው አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ከሥራ ሲመለስ የአገሩን ቀልድ ሰምቶ ይስቃል። የጐደለው መልስ ነው። ካሴት ይነግራል እንጂ አይሰማም፤ በቡና ላይ ግን አንዱ ቀልድ ሌላውን ይጠራል፥ የተነካውም እዚያው ይመልሳል።

ቀልድ ለመሰብሰብ ለሚነሡ ወጣቶች ከራሴ ስሕተት አንዱን ልንገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ማኅበር ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ቤቱ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም አብሬ ስቄ ቃሉን ሳላጓድል ጻፍሁ። በዓመቱ ደብተሬን ብከፍት ቃሉ አለ፥ ቀልዱ የለም። ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ምንም አያስቅም። ወደ መንደሩ ተመልሼ ሽማግሌውን ብጠይቃቸው ደብተሩን አስነበቡኝና «ልክ ነው፤ እንዲሁ ብያለሁ» አሉ። ከዚያም «ያን ዕለት በግራዬ ማን ተቀምጦ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልጻፍሁትም ነበር። እሳቸውም ረስተውት ነበር። ቀልዱ በዚያው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቀልድ ስጽፍ ማን እንደ ተናገረ፥ ማን እንደ ተቀመጠ፥ ምን እንደ ተበላና እንደ ተጠጣ፥ ቃሉ የት እንደ ጠበቀና የት እንደ ላላ፥ ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ፥ ያልሳቀውም ማን እንደ ሆነ አብሬ እጽፋለሁ። ያልሳቀውን መጻፍ በተለይ ይጠቅማል።

ስለ ሐዘን ድንኳን ተናግሬ ልጨርስ። እንግዳ ሰው በለቅሶ ቤት ቀልድ መነገሩን ሲሰማ ይደነቃል። ሥርዓቱ ግን ሳይለካ አይፈጸምም። በቀብሩ ቀን ማንም አይቀልድም። ጐረቤትና የዕድር ሰው ከሐዘንተኞቹ ጋራ ድንኳን ውስጥ በሚያመሽባቸው ቀኖች፥ ለቅሶው እየሰከነ ሲሄድ፥ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ ሟቹ አንድ ነገር ያነሣል። ወጣት ይህን አይጀምርም፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳም አይጀምርም። የሚነገረው ቀልድ ስለ ሟቹ ወይም ሟቹ ራሱ ይነግረው የነበረ መሆን አለበት። የሚስቁት ሰዎች ቢያፍሩ «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ልብ ሲያዝን ጥርስ ዘመድ ሁኖ አያዝንም ለማለት ነው።

በአንድ እንዲህ ባለ ድንኳን በሦስተኛው ማታ ተቀምጬ ነበር። ሟቹ ቸርቻሪ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ከቀብሩ ጀምሮ ከ«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በቀር ቃል አልተናገሩም፤ እህል እንዲቀምሱም ሴቶቹ ይለምኗቸው ነበር። የሟቹ የረዥም ጊዜ ጐረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፤ «እኔና እሱ አንድ ጕዳይ ነበረን። አምና አምስት መቶ ብር አበደረኝ። በመንገድ ባየኝ ቍጥር፥ ‹ሳትከፍለኝ ብትሞት ሰማይ ቤት በር ላይ ቁሜ እይዝሃለሁ› ይለኝ ነበር። እኔም ቀድሜው እሄዳለሁ ብዬ ተመክቼ ነበር። እነሆ ቀደመኝ። አሁን እዚያ በር ላይ መቆሙን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ተመለከተ። ሽማግሌው ተነሥተው በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገንዘብ ፈቱና በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። «እንኪ፤ ስሰጥሽ ይየኝ» አሉ።

ሴትዮዋ ገንዘቡን ተቀብለው ቀስ ብለው ቈጠሩት። ከዚያም ቀና ብለው፥

«ወለዱስ?» አሉ።